ለራይዘን 5 7600 የትኛውን ራም ላስመጣ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር፣ 4 የራም ስሎት ያለው ቢ650 ማዘርቦርድ እና አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ ተሟልቶልኛል፤ የቀረኝ ራም ነው። ወንድሜ ከዱባይ ይዞልኝ ይመጣል፣ ስለዚህ አልሆነም ብሎ መመለስ የለም። ምርጫዎቹ፦

ሀ) አንድ ፍሬ 32 ጊጋ፣ ፍጥነት 5600፣ ሲኤል (የመዘግየት ቁጥር) 46
ለ) ሁለት 16 ጊጋ፣ 6000፣ ሲኤል 30
ሐ) ሁለት 16 ጊጋ፣ 7200፣ ሲኤል 34

«ሀ»ን ገዝቼ በኋላ ሌላ 32 ብጨምርበትስ? ከድሮው ኮምፒውተሬ የተረፈ 16 ጊጋ ዲዲአር 4ም አለኝ።

ሽቦ፦ «ለ»ን አስመጣ። የድሮውን እርሳው፤ ኤኤም5 (የፕሮሰሰርህ መሰኪያ ዓይነት) የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቁርጥ ቦታ ስለማይገጥም ስሎቱ ውስጥም አይገባም፣ በጉልበት እንዳትሞክረው።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትይ። ሲኤሉን በ2000 አባዛና ለፍጥነቱ አካፍለው፤ የሚመጣው መዘግየቱ ነው፣ በናኖ ሰከንድ። «ሀ» 16.4፣ «ለ» 10፣ «ሐ» 9.4 ይሆናል። «ሐ» ያሸነፈ ይመስላል፤ ግን የ7600 ሜሞሪ ኮንትሮለር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን የሚያስተዳድረው ክፍል) ከራሙ ጋር እኩል የሚሮጠው እስከ 6000፣ ቢበዛ 6400 አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቦርዱ ኮንትሮለሩን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ ትርፉም እዚያው ይበላል። ጭራሽ ላይነሳም ይችላል።

ባዶ ስሎት፦ ስለ «ሀ» ልጨምር። አንድ ፍሬ ማለት አንድ ቻናል ነው፤ የዳታው መንገድ በግማሽ ይጠባል። ጌም ውስጥ ይበልጥ የሚታየው በአማካይ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ሳይሆን ድንገት ቁርጥ ቁርጥ ሲልብህ ነው። «በኋላ እጨምራለሁ» የሚለውም ወጥመድ ነው፦ ስሙና ሞዴሉ አንድ ሆኖ እንኳ ውስጡ ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። አራቱንም ስሎት ብትሞላ ደግሞ የፕሮሰሰሩ አምራች ኤኤምዲ ለራይዘን 7000ዎቹ የሚያረጋግጠው ፍጥነት ከ5200 ወደ 3600 ይወርዳል። 64 ጊጋ የምትፈልግ ከሆነ ከአሁኑ ሁለት 32 በአንድ ማሸጊያ ግዛ። ለጌም ብቻ ከሆነ 32 ይበቃሃል።

ሽቦ፦ 5200 ካልክ አይቀር፣ 6000ም ከዋስትናው በላይ ነው። አብዛኞቹ 7600ዎች ግን ይችሉታል።

ፋን ቁጥር 2፦ ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የማዘርቦርድህ አምራች ድረ ገጽ ላይ የተፈተኑ ራሞች ዝርዝር አለ፤ የሞዴል ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳክር፣ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ቢለያይ ሌላ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ ኩለርህ ትልቅ ከሆነ ፋኑ ከስሎቶቹ በላይ ስለሚዘረጋ የራሙን ቁመት ለካ። የመብራቱ ጌጥ ቁመት ከመጨመር በቀር ለፍጥነቱ የሚያደርገው የለም።

ጠያቂ፦ «ለ» መጣ፣ ተገጠመ። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን 3 ደቂቃ ሙሉ ጥቁር ነው። ቦርዱ ላይ «ድራም» የሚለው የራም መብራት በርቷል። ተቃጠለ እንዴ?

ባዶ ስሎት፦ አታጥፋው! ዲዲአር 5 መጀመሪያ ሲነሳ ቦርዱ ራሙን ይለማመደዋል፤ 10 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ከ15 ደቂቃ በኋላም ካልመጣ አጥፋና ፍሬዎቹ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ስሎት ላይ መሆናቸውን እይ። ነቅለህ «ቀጭ» እስኪል መልሰህ ጫን። እምቢ ካለ አንድ ፍሬ ብቻ 2ኛው ላይ አድርገህ ሞክር።

ጠያቂ፦ በ6ኛው ደቂቃ መጣ! ግን ታስክ ማናጀር 4800 ይለኛል።

ፋን ቁጥር 2፦ ባዮስ (የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብተህ ኤክስፖን (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) አብራ፣ ሴቭ አድርገህ ውጣ። እንደገና ጥቁር ስክሪን ይጠብቅሃል፣ ታገሥ። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው የኮምፒውተር መረጃ ማሳያ ፕሮግራም 3000 ቢልህ አትደንግጥ፣ እጥፉ ነው 6000።

ባዮሱ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ አድሰው። በልምምዱ መሃል መብራት ቢሄድ እንደገና ይጀምራል እንጂ ምንም አይሆንም፤ ባዮስ ሲታደስ ከሄደ ግን ቦርዱን ሊያበላሸው ይችላል፣ ዩፒኤስ ካለህ ያኔ ተጠቀምበት።

ሽቦ፦ ከዚያ የራም መፈተሻውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭነህ 4 ዙር አስኪደው፣ ማታ ትተኸው ተኛ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ቮልቴጅ አትጨምር፤ የሶሲው (ሜሞሪ ኮንትሮለሩን የሚመግበው) በተለይ ከ1.3 ቮልት ማለፍ የለበትም። ኤክስፖውን ሳታጠፋ ፍጥነቱን ወደ 5600 አውርድና ድገመው። በ4800ም ስህተት ከወጣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ፈትሽ፣ አንዱ ብልሽት ሊኖርበት ይችላል።