የማስተርስ ክሬዲት ጥያቄ፦ ረቂቅ 3 ላይ አስተያየት

ሰብሳቢ፦ ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበው ጥያቄ ረቂቅ 3 ተያይዟል። አምና የተመለሰብንን አንደግምም፤ «የፍርድ ቤት አገልግሎታችን በማስተርስ ክሬዲት ይያዝልን» የሚለው ቀርቷል። አሁን የምንጠይቀው 6 ኢሲቲኤስ (በሥራ ሰዓት የሚሰላ የትምህርት ክሬዲት) ያለው አንድ የተግባር ኮርስ እንዲከፈትና ረዳት ዳኛ (ለዳኞች መዝገብ መርምሮ ረቂቅ የሚያዘጋጅ) የሆነ ተማሪ ክፍል ሳይገባ በሥራው ማስረጃ እንዲመዘንበት ነው። እስከ ዓርብ ያልተላከ አስተያየት አይገባም፤ የትምህርት ክፍሉ ካላሳለፈው ወደ ላይ አይሄድም፤ አካዳሚክ ኮሚሽን የለ፣ ሴኔት የለ።

ረቂቅ ጻፊ፦ «በዓመት 1,800 ሰዓት እንሠራለን» የሚለው ይውጣ። አምና የገደለን እሱ ነው። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው፤ በ30 ሰዓቱ ሒሳብ በሁለት ዓመት ሥራ 120 ክሬዲት፣ ሙሉ ማስተርስ ሆነ። ማን ይሰማናል? ለ6 ክሬዲት ከ150 እስከ 180 ሰዓት የሚሆን የተቆጠረ ሥራ እናቅርብ፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 231 መሠረት አቤቱታው ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚል አስተያየት 10፣ ለእያንዳንዱ 3 ሰዓት፤ ይግባኙ በ337 ይሰረዝ ወይስ በ338 መልስ ሰጪ ይጠራ የሚል ማስታወሻ 5፣ ለእያንዳንዱ 8 ሰዓት፤ ቁጥር 182ን ያሟላ የፍርድ ረቂቅ 3፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰዓት። 130 ሆነ። ለቃል ፈተናና ለዝግጅቱ 30 ጨምሩበት፣ 160።

ሚዛን፦ ርዕሱ ላይ «የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች» ይላል። ማን ነው ያስገባው?

ሰብሳቢ፦ የዩኒቨርሲቲው ቅጽ «ክላርክሺፕ» (ለዳኛ ረዳት ሆኖ የሚሠራ የሕግ ሥራ) ስለሚል ተተርጉሞ ነው።

ሚዛን፦ ታዲያ ክላርክሺፕ ብለህ ተወው። ጸሐፊ ሲባል የሚታሰበው መዝገብ የሚያመላልሰው ነው። በዚህ ርዕስ ፊርማዬን አላኖርም።

የችሎት ጸሐፊ፦ መዝገብ ማመላለስ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ማኅደሩ ከጠፋ ረቂቃችሁን በምን ላይ ልትጽፉ ነው? ከእኛም የማታ ተምሮ ኤልኤልቢ (የመጀመሪያ ዲግሪ በሕግ) የያዘ አለ። መዋጮ ሲሰበሰብ ጸሐፊ አይባልም ነበር።

ሚዛን፦ ዲግሪ መያዝና ጭብጥ መመሥረት (የክርክሩን ዋና ጥያቄ ለይቶ ማውጣት) ለየቅል ነው።

ሬጅስትራር፦ ልጆች፣ ተዉ። «የፍርድ ቤት የሕግ ባለሙያዎች» በሉት ይለቅ።

የሰኞ ችሎት፦ ጋሼ፣ እንደዚያ ካልን ዐቃቤ ሕጉም ጠበቃውም የእኛም ይያዝ ብሎ ይመጣል። «ረዳት ዳኞችና ሬጅስትራሮች» ይሁን።

የችሎት ጸሐፊ፦ እኛ እንግዲህ ወጣን ማለት ነው። የከፈልነው ይመለስ።

ከቨርጂኒያ፦ በስም ስትጣሉ ዋናው እንዳያመልጣችሁ። እዚህ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሕግ ትምህርት ቤቶች መመዘኛ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ለአንድ ሥራ ደመወዝም ክሬዲትም መውሰድን ይከለክል ነበር። አሁን ተነሥቷል፤ ግን ክሬዲቱ ተማሪው ተመዝግቦ፣ መምህር ተመድቦለት እየተከታተለው ለሚሠራው ነው፤ ያለፈ አገልግሎት አይቆጠርም። ረቂቃችሁ «ከምዝገባ በፊት የተሠራ» የሚለውን ካላወጣ የሚጣለው በዚያ ነው።

ሚዛን፦ ቨርጂኒያ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ርዕሱ ተስተካክሏል?

ረቂቅ ጻፊ፦ ማስረጃው ራሱ ችግር አለበት፣ ማንም አላነሳውም። የፍርድ ረቂቅ የችሎቱ ነው፤ ይዞ መውጣት አይቻልም። የተከራካሪን ስም በጥቁር ቀለም መሰረዝ አይበቃም፤ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቤት ቁጥሩ ሐተታው ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ መምህሩ የእኛን ረቂቅ ከተፈረመው ፍርድ ጋር ካስተያየ ዳኞቹ ሲመካከሩ ምን እንደቀየሩ ያውቃል። ይህን የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የለም። የተዘጋ መዝገብ ብቻ፣ የ60 ቀን የይግባኝ ጊዜው ያለፈ፣ በሰብሳቢ ዳኛው ፈቃድ ብንል እንኳ የምክክሩ ጉዳይ አይፈታም።

የሰኞ ችሎት፦ ታትሞ ከወጣ የሰበር ቅጽ (የሰበር ችሎት ውሳኔዎች መድበል) አንድ ጉዳይ መርጠው የሥር ፍርድ ቤቱን ክርክር ብቻ ይስጡንና ፈተና ክፍል ተቀምጠን ፍርዱን እንጻፍ። የሚወጣ ምስጢር የለም።

ረቂቅ ጻፊ፦ ይሠራል። ግን ያ ፈተና ነው እንጂ የሥራ ልምድ አይደለም። አገልግሎት የሌለውም ተቀምጦ ያልፈዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ክፍያስ? ከኮርስ ነጻ ወጣህ ማለት ክፍያው ቀረልህ ማለት አይደለም። የምዝገባና የምዘና ክፍያ ከጠየቁን ክፍል ገብተን ብንማረው ይሻለናል። በረቂቁ ስለ ብር አንድ መስመር የለም።

የሰኞ ችሎት፦ እውነት ነው። ከክሬዲቱ ይልቅ የክፍያ ቅናሽና የቅዳሜ ትምህርት ብንጠይቅ ለሁሉም ይበጃል። በሥራ ቀን ከሰዓት ችሎት እያለ ማን ክፍል ይገባል?

የችሎት ጸሐፊ፦ ቅናሹ ለጸሐፊም ከሆነ እፈርማለሁ።

ሚዛን፦ ለቅናሽ ከሆነ ምን ተብሎ ቢጠራ ግድ የለኝም። ትናንት የጻፍኩት በዝቷል፣ ይቅርታ።

ሰብሳቢ፦ ስለዚህ ረቂቅ 4፦ አንደኛ የክፍያ ቅናሽ፣ ሁለተኛ የቅዳሜ ፕሮግራም፣ ሦስተኛ «የተግባር ኮርስ ወደፊት እንዲጠና»። የረቂቅ ጻፊ የ160 ሰዓት ሠንጠረዥ በአባሪ ይሂድ። ዝርዝር እሰበስባለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? የዲግሪ ኮፒና የአገልግሎት ማስረጃ ሐሙስ ጠዋት እጄ መግባት አለበት።

ረቂቅ ጻፊ፦ በአባሪ ከሆነ የሚያነበው የለም። አውጡት፣ ወይም ሌላ ሰው ይጻፈው።

ሬጅስትራር፦ ያ ልጅ ስልኩ አይነሳም። የእኔን ምድብ እኔ እሰበስባለሁ፤ የሌላው ምድብ ማን ጋ ነው?

ሰብሳቢ፦ ማን ጋ ነው?