ከኮሮና በኋላ የአውሮፕላን ትኬት ለምን አልረከሰም?

የዲሲዋ፦
ሰላም ወገኖች። ከኮሮና በፊት ለገና አዲስ አበባ የምንሄድበት ዋጋ አሁን ሕልም ሆኗል። አየር መንገዶቹ አገግመዋል ይባላል፣ አውሮፕላኑም ጢም ብሎ ነው የሚሄደው። ታዲያ ትኬቱ ለምንድነው የማይቀንሰው?

የቦሌ ልጅ፦
ጢም ብሎ ስለሚሄድ እኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የመንገደኛ ጉዞ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ወድቆ ነበር። አሁን መንገደኛው ተመልሷል፣ አዲስ አውሮፕላን ግን በሚፈለገው ልክ እየመጣ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ከአንድ የቦይንግ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን ላይ የበር ቦታ መድፈኛው አየር ላይ ተገንጥሎ ከወደቀ በኋላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የቦይንግን ምርት ገደቡት፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ሠራተኞቹ ለሳምንታት ሥራ አቆሙ። ሌላው አውሮፕላን አምራች ኤርባስም በማስረከብ ዘግይቷል። ወንበር ሲያንስ ዋጋ ይወጣል፣ በቃ።

ሳምሪ፦
የኛን አየር መንገድ ግን እናመስግን። በኮሮና ጊዜ የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ከመንግሥት የ9 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ ሲፈቀድለት፣ የኛዎቹ በያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአቶ ተወልደ ገብረማርያም ጊዜ ከ25 ገደማ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቅለው ጭነት ጫኑባቸው። ጭምብሉን፣ መድኃኒቱን፣ ከዚያም ክትባቱን ለአፍሪካ አደረሱ። ያለ መንግሥት ድጎማ ነው ያን ጊዜ ያለፉት፣ በጣም ያኮራል።

የዲሲዋ፦
እኔም እኮራለሁ እህቴ። ግን አራት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ከባድ ነው።

የቦሌ ልጅ፦
እውነትሽን ነው። የኛ ገና ከፈረንጆቹ በዓል ጋር ስለሚቀራረብ በጣም ውዱ ሰሞን ላይ ነው የምትገዢው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከፈቀደ ለጥምቀት አድርጊው።