የፋየርዎል ሎግ ኮንሶሉን አጥለቀለቀው፤ እንዴት ነው የሚገደበው?

ጥቁር_ስክሪን
ሰላም ለሁላችሁ። ግራፊክስ የሌለው የዴቢያን ሰርቨር ነው፤ ስክሪንና ኪቦርድ (ኮንሶል) በቀጥታ ተሰክቶበታል። አይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ላይ የተጣለ ፓኬት ሁሉ እንዲመዘገብ የሎግ ደንብ ከጨመርን ወዲህ ትእዛዝ እየጻፍን መሀል ላይ መስመር በመስመር ይዘረገፋል። ናኖ ከተከፈተማ ጽሑፉና ሎጉ ይቀላቀላል። በኤስኤስኤች (ከሩቅ በኔትወርክ) ስንገባ ግን ምንም የለም። ቡት ሲል የሚሆነውን ለማየት ግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ «ኳይት» የሚለውን (የቡት መልእክት የሚቀንሰውን ቃል) አውጥተነዋል። «ሱዶ ኤኮ 3 > /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ፕሪንትኬ» ስንል ደግሞ ፈቃድ የለህም ይላል። ሎጉ ይመዝገብ፣ ስክሪኑ ላይ ግን አይምጣ።

ሥር_ማውጫ
ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፈው፣ ስትተይቡ ወደ ላቲን መልሷቸው።

ነገሩን ያመጣው ኳይትን ማውጣታችሁ ነው። «ካት /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ፕሪንትኬ» በሉ፤ 7 4 1 7 የሚል ታያላችሁ። ለእናንተ ጉዳይ ቁም ነገሩ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ኳይት እያለ 4 ነበር፣ ሲወጣ 7 ሆነ።

የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) መልእክት ከ0 (እጅግ አስቸኳይ) እስከ 7 (ዲበግ) ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነገሩ ይከብዳል። ኮንሶል ላይ የሚወጣው ደረጃው ከዚያ ቁጥር *ያነሰ* ብቻ ነው፣ እኩል የሆነው አይወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአይፒቴብልስ ሎግ ካልቀየራችሁት ደረጃው 4 ነው። ስለዚህ፦

ሱዶ ዲሜሴጅ -ኤን 4

ወዲያው ጸጥ ይላል። 3 አታድርጉት! የዲስክ የማንበብና የመጻፍ ስህተት፣ ሜሞሪ አልቆ ፕሮሰስ ሲገደል የሚመጣውም መልእክት ደረጃቸው 3 ነው፤ እነሱንም ትደብቃላችሁ።

ፈቃድ የከለከላችሁ ደግሞ ሱዶ የሚሠራው ለኤኮ ብቻ ስለሆነ ነው። ከ«>» በኋላ ያለውን ፋይል የሚከፍተው የራሳችሁ ሼል (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፣ እሱ ደግሞ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) አይደለም። «ኤኮ 4 | ሱዶ ቲ /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ፕሪንትኬ» ብትሉ ይሄዳል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ስትጽፉ የቀሩት ሦስቱ አይነኩም።

ሪስታርት ሲደረግ እንዳይጠፋ /ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ/ ውስጥ 99-ኮንሶል.ኮንፍ የሚል ፋይል ፍጠሩና «ከርነል.ፕሪንትኬ = 4 4 1 7» ጻፉበት፤ ከዚያ «ሱዶ ሲስሲቲኤል --ሲስተም»። 99 ያልኩት ፋይሎቹ በስማቸው ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ስለሚሽር ነው።

በኤስኤስኤች ያልታየው ችግር አይደለም፤ ከርነሉ የሚጽፈው ኮንሶል ላይ እንጂ በኔትወርክ የገባ ተርሚናል ላይ አይደለም። ሎጉን «ጆርናልሲቲኤል -ኬ» ብላችሁ ታነቡታላችሁ፣ ከቁጥሩ ጋር ግንኙነት የለውም።

ቀዝቃዛ_ራክ
በዚያ ላይ፣ የሲስሲቲኤል ፋይሉ የሚነበበው ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከተነሣ በኋላ ነው። ቡት ሲል ያለውን ማየት ስለምትፈልጉ ይኼ ለእናንተ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም ይታያል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል። ከመነሻው እንዲገደብ ቢሆን ኖሮ ግሩብ ላይ «ሎግሌቭል=4» ጨምሮ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» ማለት ነበር።

ስክሪኑ መተየብ እስኪያቅት ከተጥለቀለቀ ኦልትና ሲስአርኪው (የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ) ይዛችሁ 4ን ተጫኑ። ዴቢያን ላይ ይሠራል፣ የሲስአርኪው ቁጥሩ (የትኞቹ የቁልፍ ትእዛዞች እንደሚፈቀዱ የሚወስነው) 438 ስለሆነ። ኡቡንቱ ላይ 176 ነው፣ ያ ደግሞ ይህን አይፈቅድም።

የሲሪያል ኮንሶልም ካላችሁ ነገሩ ከማስጠላት ያልፋል። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ነው የሚያልፈው። የፋየርዎል አንድ መስመር 200 ፊደል ገደማ ነው፣ ማለትም በሰከንድ አምስት መስመር እንኳ አይሞላም። ከርነሉ ያን እየጠበቀ ማሽኑ ይንቀረፈፋል። 115200 ላይ 12 እጥፍ ይሻላል፣ ጎርፍ ከመጣ ግን እሱም አይችለውም። ስለዚህ ደንቡ ራሱ ላይ «-ኤም ሊሚት --ሊሚት 5/ሚን» (በአማካይ በደቂቃ 5 መስመር) ጨምሩ፤ ዲስኩም ያርፋል።

ጥቁር_ስክሪን
4 አደረግነው፣ ጸጥ አለ። ሊሚቱንም ጨምረናል። አንድ ግን ቀረ፦ አልፎ አልፎ «ብሮድካስት ሜሴጅ» የሚል፣ በኤስኤስኤች ለገባውም ሰው ሁሉ የሚወጣ መልእክት አለ። ይኼስ?

ሥር_ማውጫ
እሱ በፕሪንትኬ አይያዝም። ደረጃ 0 የሆነ መልእክት ሲመጣ ጆርናልዲ (ሎግ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ለገባው ተጠቃሚ ሁሉ ይበትነዋል። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ «ፎርዋርድቱዎል=ኖ» ብላችሁ ሲስተምዲ-ጆርናልዲን ሪስታርት ብታደርጉ ይቆማል። ግን ከመዝጋታችሁ በፊት «ጆርናልሲቲኤል -ፒ 0» ብላችሁ ምን እንደሆነ እዩት። ደረጃ 0 እንዲሁ አይመጣም፤ የተገኘውን እዚህ ለጥፉት።