ሀዋሳ ላይ ብቻዬን የት ልብላ?

ተጓዧ ኦዲተር

ሰላም ወገኖች። ለሥራ ሀዋሳ ልሄድ ነው። ኦዲተር ነኝ። የምመረምራቸው ሰዎች ምሳ ሲጋብዙኝ እሺ ማለት አልችልም፤ ቡና እንኳን ከራሴ ኪስ ነው የምጠጣው። ስለዚህ ምሳውም እራቱም ብቻዬን ነው።

ባለፈው ሌላ ከተማ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጥብስ ላዝ ስል አስተናጋጁ «ከግማሽ ኪሎ በታች አንሠራም» አለኝ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለእኔ ብቻ! ያስቀመጠኝ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ወንበር ስቦ ቁጭ አለና «ብቻሽን አይደብርሽም?» ብሎ ጀመረ። ምግቤን አስጠቀለልኩና ሆቴል ክፍሌ ገብቼ በላሁ።

የምፈልገው ለአንድ ሰው በልኩ የሚያቀርብ፣ ሴት ብቻዋን ብትቀመጥ ዞር ብሎ የሚያያት የሌለበት ቤት ነው። አበሌ የመንግሥት አበል ስለሆነ ውድ ቤት አትንገሩኝ። ዓሣ እወዳለሁ። ማታ ሳይጨልም ክፍሌ ብገባ ደስ ይለኛል።

የሐይቅ ዳር ልጅ

እህቴ፣ ብቻውን ለሚበላ ሰው ከሀዋሳ የተሻለ ከተማ አልመጣልኝም። ምክንያቱ ዓሣው ነው። ሥጋ በኪሎ ነው፤ ዓሣ በቁጥር ነው። አንድ ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ ሲመጣልሽ የአንቺ ብቻ ነው። «ሌላ ሰው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሂጂ፤ ግን ጠዋት። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው የሚመለሱት ያኔ ነው። ዓሣው እዚያው ይጸዳል፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ይተለተላል፣ ዘይት ውስጥ ይገባል። በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ትበዪዋለሽ። ሾርባውም ለብቻው ቁርስ ይሆናል። ሰው አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ማን ከማን ጋር እንደመጣ አይታወቅም። ደግሞ ሁሉም እሾህ እየለቀመ ስለሆነ ወሬ የሚጀምርሽ አታገኚም።

ከጦጣዎቹ በቀር። ሳህንሽን ትተሽ እጅሽን ልትታጠቢ እንዳትሄጂ! ትልልቆቹ አሞራዎች እግርሽ ሥር ይንጎራደዳሉ፤ እነሱን ተያቸው፣ የሚጠብቁት የዓሣውን ጭንቅላት ነው። ዋጋ ቀድመሽ ጠይቂ። ጥሬውን ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ታያለሽ። እኔም እበላዋለሁ፤ ለሥራ የመጣ ሰው ግን ሆዱን ባይፈትን ይሻላል ባይ ነኝ።

የድሮ አስተናጋጅ

እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ብቻውን የመጣውን ሰው ጥግ የምንወስደው ንቀነው አይደለም። አራት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ በአንድ ሰው ሲያዝ ቲፑ ይቀንሳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ ሰዓት ምረጪ። ስድስት ሰዓት እንደሆነ ብትገቢ ያሰኘሽን ቦታ ታገኛለሽ። ስድስት ተኩል ካለፈ የየቢሮው ሰው ይጎርፍና ለአንድ ሰው ቦታ የሚመርጥ አይኖርም።

«ሰው እየጠበቅሽ ነው?» ስትባዪ አይክፋሽ። ልጁ ትዕዛዝ ልቀበል ወይስ ልቆይ እያለ ነው። «ብቻዬን ነኝ፣ ሜኑ አምጣልኝ» በይው፣ አለቀ። ከቻልሽ ካሸሯ ፊት ለፊት ተቀመጪ። እንደዚያ ያለ ሰውዬ ወንበር ሊስብ ሲል ደግሞ አንቺ አትከራከሪ፤ አስተናጋጁን ጥሪው። «ጌታዬ፣ ቦታ ልስጥዎት» ብሎ ማንሳት የእኛ ሥራ ነው። ከአንቺ ሲሰማ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ከእኛ ሲሰማ ይነሳል።

ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ እዘዢ፤ ለአንድ ሰው ብለን የምናወጣው ምግብ ነው። ክትፎ ካማረሽ ግማሽ ይሠሩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ሜኑ ላይ ባይጻፍም እሺ የሚሉ ቤቶች ብዙ ናቸው።

የታቦር ሥር ነዋሪ

ሁላችሁም ዓሣ ዓሣ ትላላችሁ፤ ሲዳማ ድረስ መጥታ ቡርሳሜ ሳትቀምስ ልትመለስ ነው? ዋሳው፣ ማለትም የእንሰቱ ቆጮ፣ በቅቤ ርሶ በሻፌታ፣ በሸክላ ዕቃ፣ ይቀርባል፣ ከጎኑ እርጎ አለ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሰው ከባድ ነው። እኛ ቤት ሻፌታ ከበን ነው የምንበላው። የባህል ምግብ ቤት ስትገቢ ትንሹን እንዲያቀርቡልሽ ንገሪያቸው፣ ማታ ሳይሆን ለምሳ ይሁን። አጠገብሽ ያለ ቤተሰብ «እንብላ» ካለሽ ደግሞ አንድ ጉርሻ ኦዲት አያበላሽም።

ለማታው የሐይቁ ዳር መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ይሻልሻል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሂጂ። ፀሐይ የምትገባው በሐይቁ ማዶ ስለሆነ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ አንቺን የሚያይ የለም። ቀለል ያለ ነገር ብዪና በባጃጅ ተመለሺ። ሪዞርቶቹ፣ ሌዊም ኃይሌም፣ ለብቸኛ ሴት ጸጥ ያሉ ናቸው። አበልሽ ግን አይችላቸውም፤ ማኪያቶ ጠጥተሽ ሐይቁን ማየት ትችያለሽ።

ተጓዧ ኦዲተር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! የካሸሯን ነገር አላሰብኩትም ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት አሞራ ገደል ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ እዚያ ደረሰኝ ይሰጣሉ?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ዓሣ ጠባሹን ኦዲት ልታደርጊ ነው እንዴ? አበል እኮ ደረሰኝ አይጠይቅም። ዝርዝር ብር ያዢ፣ ሾርባውን ደግሞ ቀድመሽ እዘዢ፤ ረፈድ ሲል ያልቃል።