መብራት በሚመላለስበት ቤት የራስ ሰርቨር፦ ከምን ልጀምር?

የአያቱ
ሰላም ለዚህ ቤት። አያት አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ነው የምኖረው። ፋይበር አለን፣ 20 ሜጋ። ራውተሩን ግን መስመሩን የዘረጉት ልጆች ለእነሱ በቀረባቸው ቦታ፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰክተውት ሄዱ። ዋይፋዩ ሶሌታውን አልፎ ፎቅ አይደርስም፤ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ያለው ወንድሜማ ሜሴጅ ለመላክ በር ላይ ይወጣል።

እኔን የከነከነኝ ፎቶው ነው። የእናቴ ስልክ ሞልቷል፣ የጉግል 15 ጊጋ አልቋል፣ የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ያለው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ቦታ እንዳልገዛ ክፍያው በዶላር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050፣ ትንሿን ማይክሮ፣ ገዝቼ ለፎቶ ኢሚች፣ ለፊልም ጄሊፊን የሚባሉትን ፕሮግራሞች ጭኜ የቤት ሰርቨር ላደርጋት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴም ከዚያው ሆና እንድታይ እፈልጋለሁ። ሰፈራችን መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቀድሜ ምን ልግዛ፣ ትልቅ ዲስክ ወይስ የተሻለ ራውተር?

ገመድ ጎታች
ሁለቱንም ተዋቸውና መጀመሪያ መብራቱን አስብ። በሥራዬ የማያቸው የተቃጠሉ አዳፕተሮች አብዛኞቹ መብራት ሲሄድ ሳይሆን «መጣ!» ተብሎ በተጨበጨበበት ደቂቃ ያለቁ ናቸው።

ገበያው ላይ የሞላው ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካው የባትሪ ሣጥን) ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ነው። አባዛው፣ 84 ዋት አወር። ባትሪው እስከ ጥግ አይወርድም፣ ወደ 220 ሲቀየርም ይባክናል፤ ግማሹን አገኘሁ በል። ኦፕቲፕሌክሷ ሥራ ካልበዛባት ከ10 እስከ 15 ዋት ትወስዳለች፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሣጥን ሲጨመሩ 30 ቅርብ ነው። ሂሳቡ አንድ ሰዓት ከምናምን ይሰጥሃል። እነዚያን ሁለቱን ከዩፒኤሱ አውጣቸው። አዳፕተራቸው ጀርባ ብታነብ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ዲሲ ይላል፤ ለእነሱ ራውተር ዩፒኤስ የሚሉትን ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ግዛ። 12ን 220 አድርጎ መልሶ 12 ማድረግ ምን ይረባል?

ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ግባና ኤሲ ሪከቨሪን ፓወር ኦን አድርገው፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል፤ አለዚያ አንተ ሥራ ስትሆን ቁልፉን የሚጫኑት እናትህ ናቸው። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ የሚቀበል ይሁን። ናት (NUT) የሚባለውን ፕሮግራም ስትጭን፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን በሥርዓት ያጠፋልሃል።

ቀጥሎ ገመድ። ሪፒተር ግዛ የሚልህን አትስማ፣ ተዳክሞ የደረሰውን ነው የሚደግምልህ። ፎቅ ላይ በገመድ የሚሠራ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን፣ ስቀል። ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ስትገዛ ታዲያ ሱቁ በር ላይ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ላይዋ መዳብ መስሎ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ መልስለት። «ንጹህ መዳብ» ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ሙሉ ጥቅል እንደዚያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ሻጩ ዓይኔን እያየ ማለለኝ። ጫፉን ስትመታ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ከዚያ ላፕቶፕህ ከ1 ጊጋ ይልቅ 100 ሜጋ ካሳየ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8ቱ አንዷ አልነካችም ማለት ነው።

ቺፕሱ
ይሄ ሁሉ ለፎቶ? ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተርና ሜሞሪ ካርድ ይበቃዋል።

ሌሊት ተረኛ
ቺፕሱ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ሜሞሪ ካርድ ላይ ዳታቤዝ ማስቀመጥ ፎቶውን ለዕድል መስጠት ነው። ልጁ የመረጣት ማሽን ጥሩ ናት።

የአያቱ፣ እኔ የሚያሳስበኝ የእህትህ ነገር ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ዋን አይፒ (WAN IP፣ ከኢንተርኔት ሰጪው የመጣልህ አድራሻ) የሚለውን እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ የውጪውን አድራሻ ከብዙ ደንበኛ ጋር ተጋርተሃል፤ ሲጂናት ይሉታል። ያኔ ራውተሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር) ብትከፍትም ከውጭ የሚገባ የለም።

ባክአፕ ላይ ደግሞ፦ ኢሚች የፎቶውን ፋይል ለብቻ፣ አልበሙንና ስሙን ዳታቤዝ ውስጥ ለብቻ ነው የሚይዘው። ሁለቱንም ካልገለበጥክ የምታገኘው ዝርክርክ ክምር ነው። ሬይድም (ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲይዙ ማድረግ) ባክአፕ አይደለም፣ አንዱ ላይ በስህተት የሰረዝከውን ሌላውም ላይ እኩል ይሰርዝልሃል። ያ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ጡረታ ይውጣ። አዲስ ግዛና በየሳምንቱ እየገለበጥክ ሌላ ቤት አስቀምጥ።

የአያቱ
ሌሊት ተረኛ፣ አየሁት፣ በ100.72 ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ቀረብኝ ማለት ነው?

ሌሊት ተረኛ
ኧረ አልቀረብህም። ሰርቨሩም የእህትህ ስልክም ላይ ቴይልስኬል ጫን፣ በኢንተርኔት ላይ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጠሩ ይገናኛሉ፣ ቀጥታው እንቢ ካለም በእነሱ ሪሌይ (አቀባባይ ሰርቨር) በኩል ያልፋል፣ ቀስ ይላል እንጂ። ከሥሩ ያለው ዋየርጋርድ የሚባለው መስመሩን የሚያመሰጥረው ቴክኖሎጂ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊነክስ ከርነል ውስጥ የገባው። ምንም ፖርት አትክፈት።

ወደ እሷ የሚሄደው ግን በአፕሎድህ ልክ ነው። 20 ሜጋ ሙሉውን ብታገኝ እንኳ በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ነው፤ ለፎቶ ይተርፋል፣ በ4ኬ ለተቀረጸ ሠርግ ግን ይንቀረፈፋል። የማሽንህ ፕሮሰሰር ክዊክ ሲንክ (ቪዲዮ በፍጥነት የሚቀይር ክፍል) ስላለው፣ ጄሊፊን ላይ ለውጭ ተመልካች 5 ሜጋ ብለህ ገድብ፣ አሳንሶ ይልክላታል። ፎቶዎቹን ከስልክ ወደ ሰርቨሩ መጀመሪያ የምትጭነውን ደግሞ ቤት ውስጥ አድርገው፣ ኢንተርኔቱን አይነካም።

የአያቱ
እግዜር ይስጥልኝ። ገመድ ጎታች፣ ወደ ሰርቪሱ 25 ሜትር ገደማ ነው። ግቢው ውስጥ የተቀበረው የመብራት ቱቦ ሰፊ ስለሆነ በእሱ ላሳልፈው?

ገመድ ጎታች
በጭራሽ። ኤሌክትሪሺያኑ «ችግር የለውም» ቢልህም እንዳትሰማው። የራሱ ቱቦ ቅበርለት፣ ከመብራቱ ራቅ አድርገህ። ጥቁሩን፣ የውጪውን ገመድ ግዛ። መሬቱን ከቆፈርክ አይቀር ሁለት ገመድ አስገባ።