ፊደል በተርታ ይቆጠር ወይስ በቃል ውስጥ ይማሩት? የወላጆችና የመምህራን ክርክር

አወያይ፦ በዚህ ሳምንት ለክርክር የቀረበውን ጥያቄ የላኩልን አንዲት እናት ናቸው። የልጃቸው የአንደኛ ክፍል መምህርት ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በተርታ ማስቆጠሩን ትተው በየሳምንቱ ጥቂት ፊደላት እየመረጡ ከቃላት ጋር ያስተምራሉ። አባትየው ግን «ሀ ሁን ያልቆጠረ ልጅ እንዴት ያነባል?» በማለት ማታ ማታ ልጁን ገበታው ፊት እያስቀመጡ ያስቆጥሩታል። እናትየዋ የማንን ቃል እንደሚይዙ ግራ ስለ ገባቸው ጥያቄውን ለእናንተ አቅርቤዋለሁ፦ የተርታ ቆጠራ ይቅር ወይስ ይቀጥል? እያንዳንዱ ተናጋሪ ከየት ሆኖና በምን ልምድ እንደሚናገር ቢገልጽ ክርክሩ ይጠራል።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦ እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ቤታቸው ቆጠራ የተማሩ ልጆች ይመጡልኛል። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲወርዱት ላየ ሰው ማንበብ የቀራቸው አይመስልም። ነገር ግን ገን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ይህች ማን ናት?» ስል፣ ብዙዎቹ ከሀ ጀምረው በለሆሳስ እየቆጠሩ እስኪደርሱባት ድረስ መልስ የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ዜማው ከአፋቸው ሲቀድም ጣታቸው ሌላ ፊደል ላይ ቀርቶ ይገኛል። ይህ ዘፈን ማወቅ እንጂ ፊደል መለየት አይደለም። በአንጻሩ አ፣ በ፣ ሶ እና ላን ብቻ የለየ ልጅ «አበበ በሶ በላ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ አንብቦ ይስቃል። በአራት ፊደል ብቻ ሙሉ ሐሳብ ማንበብ እንደሚቻል የቀመሰ ልጅ አምስተኛውን ፊደል ራሱ ይጠይቃል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ አባት፣ ጎንደር፦ እህቴ፣ የተናገሩትን ችግር እኔም አይቻለሁና አልክደውም። ነገር ግን ጥፋቱን በቆጠራው ላይ መጣልዎ አላሳመነኝም። ገበታው 33 ተርታ በሰባት ዓምድ፣ በድምሩ 231 ፊደል ይዟል። እንደ ሏ እና ቧ ያሉትን ዲቃሎች ሳንቆጥር ማለቴ ነው። ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ 231 ልዩ ልዩ ምስል በቃልህ ያዝ ማለት ጭካኔ ይሆን ነበር፤ ሸክሙን የሚያቀለው ተርታው ነው። ሉ፣ ቡ እና ሱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ ካዕብ፣ ማለትም ሁለተኛው ዓምድ፣ በቀኝ በኩል ቅጥያ እንደሚያወጣ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ሌ፣ ቤ እና ሴን ሲያይ የአምስተኛውን ዓምድ፣ የኃምስን፣ ቀለበት ያውቃል። ፊደሉን በየሳምንቱ እየቆነጠሩ ሲሰጡት ግን ይህን ዝምድና ማን ያሳየዋል?

የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦ አባቴ፣ ስለ ካዕብና ስለ ኃምስ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ዝምድናውን በሁለተኛው መንፈቅ ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አሳያለሁ። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ስድስተኛው ዓምድ፣ ሳድስ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። ል፣ ም፣ ር፣ ብ እና ቅ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይታጠፋሉ፤ አንዱን ያወቀ ልጅ ሌላውን ሊገምት አይችልም። እንግዲህ አማርኛ በሳድስ የተሞላ ቋንቋ መሆኑን ያስቡት፦ «ልጅ»፣ «ምግብ»፣ «ብርድ»፣ «ልብስ»፣ ራሱ «ትምህርት» የሚለው ቃል እንኳ ከዳር እስከ ዳር ሳድስ ነው። ልጁ በየቀኑ የሚናገራቸውን ቃላት ለማንበብ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ዓምድ በተርታው ስድስተኛ ላይ ተቀምጦ፣ ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ በጥድፊያ የሚታለፍ ነው። በዚያ ላይ ሳድስ አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ ይህንን ደግሞ ቃል ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም ማሳየት አይቻልም።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦ ሁለታችሁንም በአድናቆት ነው የተከታተልኳችሁ። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የተዘጋጁት የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ፊደልን ከድምፅና ከቃል ጋር አቆራኝተው ማስተማርን የመረጡት በዚህ ድንጋጤ ነው። ሆኖም ያ ምዘና ከተፈተኑት ቋንቋዎች መካከል እንደ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ያሉ በላቲን ፊደል የሚጻፉም ስለነበሩ፣ ውጤቱን ወስዶ «ጥፋተኛው የሀ ሁ ቆጠራ ነው» ማለት አይቻልም። ይህን የምለው በየስብሰባው ሲባል ስለምሰማ ነው። የመጽሐፍ እጥረትና የተማሪ ብዛት ባለበት ክፍል የትኛውም ዘዴ ሊወድቅ ይችላል።

እናት፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ እኔ መምህርት አይደለሁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ልጆቼን አማርኛ ወደሚማሩበት የማመላልስ እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ 231ዱንም ፊደል ከተርታው ውጭ ለይታ ታውቃለች፤ ግን «ገና» የሚለውን ቃል አንብባ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው አታውቅም፤ «አለ»ንም አጥብቃ ታንብበው ወይስ አላልታ ለመወሰን ትቸገራለች። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ያንን የሚሞላው የሰማችው ቋንቋ ብቻ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከእኔና ከአባቷ በስተቀር ከማንም አማርኛ አትሰማም። ስለዚህ ማታ ማታ ገበታ በማስቆጠር ያጠፋሁትን ጊዜ ተረት በማውራት ባሳልፈው ይሻለኝ ነበር ብዬ እቆጫለሁ።

የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ አባት፣ ጎንደር፦ የእህታችን ነገር ልቤን ነክቶታል። እኛም ከአቡጊዳ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ስንቀጥል የማናውቀውን ግእዝ ነበር የምናነበው፤ ትርጉሙ ለእኛ ከዓመታት በኋላ የመጣ፣ ለብዙ ጓደኞቼ ደግሞ ጨርሶ ያልመጣ ነገር ነው። ይህን የቆሎ ትምህርቱ ጉድለት አድርጌ እቀበላለሁ። መምህርቷ ስለ ዜማው ያነሱትን በተመለከተ ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። የኔታ ከሀ ሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩን የነበረው ለምን ይመስላችኋል? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ፊደሉም ዓምዱም በየእርምጃው ይለወጣል፤ ቀጣዩ ተርታ በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ ብሎ እንደገና ያፋልሰዋል። በሀ ሁ ዜማ የተደገፈ ልጅ እዚያ ላይ ምርኩዙን ይነጠቃል። እርሱም አልበቃ ብሏቸው የኔታ በስንጥር ከታች ወደ ላይ፣ ከመካከል ወደ ዳር እየዘለሉ ይጠይቁን ነበር። ዛሬ ወላጁ ገበታ ከገበያ ገዝቶ ዜማውን ብቻ ያስጠናል፤ አቡጊዳውንም ስንጥሩንም ጥሎ ሲያበቃ ልጁ ሳያነብ ሲቀር ቆጠራው ይከሰሳል።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፦ አቡጊዳን እንደ መፈተኛ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ሁለተኛ የሚሸመደድ ተርታ አድርጌ ነው የምቆጥረው። እርሱም በዜማ ከተያዘ ያው አይሆንም ወይ የሚል ጥርጣሬ አሁንም አለኝ። ስንጥሩን ግን እቀበላለሁ። እንግዲያው ለጠያቂዋ እናት የምለው ይህ ነው፦ አባትየው ቆጠራውን ካልተውም፣ ልጁ ዜማውን ሳይጨርስ አስቁመው አንዲት ፊደል ብቻዋን ይጠቁሙለት፤ ዙሪያዋን በወረቀት ሸፍነው ቢጠይቁት ደግሞ የበለጠ ነው። በክፍሌ 64 ልጆች ስላሉ እኔ ለእያንዳንዱ ይህን ማድረግ አልችልም፤ እርሳቸው ይችላሉ። ሀን ባስተማርኩበት ሳምንት ሐን እና ኀን ግን እንዳይጨምሩብኝ እለምናለሁ፤ ለአንድ ድምፅ ሦስት ምስል መስጠት ለጀማሪ ልጅ ከባድ ነው፤ እኔ ለሁለተኛ ክፍል አቆያቸዋለሁ።

የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ አባት፣ ጎንደር፦ እዚህ ላይ አንስማማም። ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ሳይለይ አንድ ዓመት የጻፈ እጅ ተመልሶ አይታረምም። የመንገድ ላይ ማስታወቂያዎችን ማየት በቂ ነው።

እናት፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ የትንሿ ልጄ ስም በሐመሩ ሐ ነው የሚጀምረው፤ ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው። ባለፈው ወር ለእርሳቸው የመጀመሪያዋን የአማርኛ ደብዳቤ ስትጽፍ ስሟን በሀሌታው ሀ ጻፈችው፤ እኔም ላርማት ብዬ እስክሪብቶ አንስቼ ተውኩት። አያቷ በመልሳቸው ላይ ስህተቱን ሳያነሱ፣ ስሟን በሐመሩ ሐ ከላይ በትልቁ ጽፈው ላኩላት። እርሷም ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ «ለምን ይለያያሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።