ሲትኮም ላይ ያልታቀደ እርግዝና ሲመጣ ሁልጊዜ ማምለጫ የሚፈለገው ለምንድን ነው?

ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለ22 ደቂቃ ሲትኮም (አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ) የሚሆን አንድ ክፍል እየተጻፈ ነው። ገፀ ባህሪዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ሳታስበው አርግዛለች፣ ፅንሱን ታቋርጣለች። እንዲያስቅ ይፈለጋል፤ በእሷ ላይ ግን እንዲሳቅ አይፈለግም። እስካሁን የተሠሩት የት ላይ ተሳካላቸው፣ የት ላይስ ተበላሹ? ሕክምናው ላይስ በብዛት የሚሳሳቱት ምኑን ነው?

የድሮ ተከታታይ፦
እህት ቀለም፣ ከአሜሪካው ሲትኮም ከ«ማውድ» ጀምሪ። ሱዛን ሃሪስ የጻፈችው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1972 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተላለፈ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሮ እና ዌድ ጉዳይ ፅንስ ማቋረጥን በመላው አገሪቱ ከመፍቀዱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ታሪኩ የሚካሄድበት ኒውዮርክ ግን ማቋረጥን ከ1970 ጀምሮ ፈቅዶ ነበር። ማውድ 47 ዓመቷ ነው፣ የልጅ ልጅ አላት። ቀልዱ የት እንደተቀመጠ ልብ በይ፦ ባልዋ ዋልተር ቫዜክቶሚ (ወንድ እንዳይወልድ የሚደረግ ቀላል ቀዶ ሕክምና) ለመሠራት ቃል ይገባና ይፈራል። ሳቁ የሚመጣው ከእሱ ፍርሃት ነው። ወደ ውሳኔው ሲደርስ ባልና ሚስት መኝታ ቤት ብቻቸውን ናቸው፣ ጨዋታው ረገብ ይላል።

በዚያው ጣቢያ ከ20 ዓመት በፊት «አይ ላቭ ሉሲ» ላይ «እርጉዝ» የሚለው ቃል እንኳ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ የ1972ቱ ድፍረት ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ወደ ኋላ ማለታቸው ያሳዝናል። ማምለጫዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ምርመራው ስህተት ሆኖ ይገኛል፣ ፅንሱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ወይም ሴትየዋ ክሊኒክ ተቀምጣ ሐሳቧን ትቀይራለች። በ2001 «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» ላይ ሚራንዳ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ያ ግን አይከፋም፣ ጓደኞቿ እነሱ ማቋረጣቸውን በግልጽ ይናገራሉና። በ2012 «ገርልስ» ላይ ግን ጄሳ ከማቋረጫ ቀጠሮዋ ትቀርና ደሟ ይመጣል። ደራሲው ጥያቄውን ያነሣል፣ ከዚያ መልሱን ከገፀ ባህሪዋ እጅ ይነጥቃል።

ሰኞ ማታ፦
ላንቺ የሚቀርበው «ክሬዚ ኤክስ ገርልፍሬንድ» ነው፣ 2016። ፓውላም የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት፣ የሕግ ትምህርት ልትጀምር ነው። ካቋረጠች በኋላ አልጋ ላይ አርፋለች፣ የበሩ ደወል ይጮኻል፣ ልጇ የእናቱን ሁኔታ እንደ ማንኛውም የቤት ወሬ ጠቅሶ በሩን ሊከፍት ይሄዳል። አንድ አረፍተ ነገር ናት፤ እናቲቱን ሳትነካ ታስቃለች።

እርግዝናው እስከ 4ኛው ደቂቃ ይታወቅ፣ ውሳኔው እስከ 10ኛው ይጠናቀቅ። ውሳኔውን መጨረሻ ላይ ከሰቀልሽው ተመልካቹ «ታደርግ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል፣ ማንም አይስቅም። የቀረው ጊዜ በዙሪያዋ ላሉት ሰዎች ይሁን፦ ምን እንደሚሉ ለማያውቁት፣ ሾርባ ለሚያመጡት።

ሐኪሟ፦
ከሕክምናው በኩል የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት የዘገየባት ሴት አምስት ሳምንት ሆኗታል። በዚያን ጊዜ አልትራሳውንድ ላይ የሚታየው ትንሽ ከረጢት ነው፤ ፊትና እጅ እግር አታሳዩ።

ሌላው፣ ሁሉም ቀዶ ሕክምና ክፍል ያስገቧታል። በመምጠጫ የሚደረገው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በክኒን ከሆነ መጀመሪያ 200 ሚሊግራም ሚፈፕሪስቶን ትውጣለች፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ 800 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል ጉንጯ ውስጥ ወይም ምላሷ ሥር ታቆያለች። ቁርጠቱና መድማቱ የሚመጣው ከሁለተኛው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው። አንድ ክኒን ውጣ ወዲያው ሆዷን ይዛ የምትወድቅበት ትዕይንት ከእውነት የራቀ ነው። የሚያሰጋው ትልቅ ሞዴስ በሰዓት ሁለት እየሞላ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ ነው፤ ያኔ ሐኪም ይጠራል።

ቀለም፦
ሁለተኛው ክኒን ቤት ውስጥ ከሆነ ትዕይንቱ ላይ ምን ይታይ?

ሐኪሟ፦
አይቡፕሮፌን፣ ሞዴስ፣ ሆዷ ላይ የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ የበራ ቴሌቪዥን። ምላሷ ሥር ያለውን ለ30 ደቂቃ ስለምታቆይ ማውራት ይከብዳታል፤ ልጆቿ ጥያቄ የሚያዘንቡባት ያን ጊዜ ቢሆን ያምራል።